«ከፍዬ ነው የገዛሁት» የሚለው መከላከያ

ሰሞኑን ብዙ ተከታይ ያላቸው አንድ የጌም ተንታኝ በዝግጅታቸው መካከል የጌም ቁልፍ፣ ማለትም የተገዛን ጌም የሚያስከፍት ኮድ፣ የሚሸጥበትን የአንድ መገበያያ ድረ ገጽ ማስታወቂያ ካነበቡ በኋላ፣ ቁልፎቹ የተሰረቁ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ተቃውሞ ከተመልካች ሲቀርብባቸው የሰጡት መልስ አናዶኛል። የጌም ቁልፍ የፊደልና የቁጥር ድርድር እንጂ ሌላ ነገር እንዳልሆነ፣ ለማምረትም ምንም ወጪ እንደማይጠይቅ፣ በመሆኑም ከየትም ይምጣ ከየት ተጎጂ እንደማይኖረው አስረዱ። በርካሽ የገዛ ሰውም ቢያንስ ገንዘብ ከፍሏልና ጌሙን ሰርቆ ካወረደው በብዙ እንደሚሻል አክለው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ቼክም ወረቀት ነው። የወረቀቱ ርካሽነት ግን በሰው ቼክ ገንዘብ ላወጣ ሌባ መከላከያ ሆኖ አያውቅም። ቁልፍ ዋጋ ያለው ፊደሎቹ ስለተደረደሩ ሳይሆን በሩን ስለሚከፍት ነው፤ ተንታኙም ይህን ስለሚያውቁ ነው ማስታወቂያውን በነጻ ያላነበቡት።

ከፍሎ የገዛ ሰርቆ ካወረደ ይሻላል የሚለው ሁለተኛው ክርክራቸው ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። አንድ ሰው በተሰረቀ የክሬዲት ካርድ ከጌም ሠሪው ድረ ገጽ በርካታ ቁልፎችን ይገዛል። ከዚያ ማንነቱን ደብቆ ወደ መልሶ መሸጫ ገበያ ያወጣቸዋል፤ ከገዛ ኪሱ ያወጣው ነገር ስለሌለ ግማሽ ዋጋም ሆነ ሩብ ዋጋ ለእሱ ጥርት ያለ ትርፍ ነው። ደንበኛውም በቅናሹ ተደስቶ ይገዛዋል። ሰነባብቶ የካርዱ ባለቤት ያላዘዘውን ክፍያ ያይና ለባንኩ ያመለክታል፤ ገንዘቡ ከጌም ሠሪው ተወስዶ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ቻርጅባክ ለሚባለው ለዚህ ሥራ ደግሞ ሠሪው ተጨማሪ ክፍያ ይቆረጥበታል። በመጨረሻ ሌባው ንጹሕ ገንዘብ ይዞ ሄዷል፣ ገዢው ይጫወታል፣ ሠሪው ደግሞ ለተዘረፈበት ዝርፊያ የአገልግሎት ዋጋ ከፍሏል። ሰርቆ ያወረደ ሰው ለሠሪው ምንም አይሰጠውም፣ ከኪሱም ግን አያስወጣውም። እንግዲህ ተንታኙ ባቆሙት ሚዛን ላይ ሠሪውን አብልጦ የሚጎዳው የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም አሳታሚው የኖ ሞር ሮቦትስ ኃላፊ ማይክ ሮዝ፣ በሁለቱም መንገድ ለእኛ የሚደርሰን ነገር የለምና ጂቱኤ (G2A) ከተባለው የቁልፍ መልሶ መሸጫ ገበያ ከምትገዙ ሰርቃችሁ አውርዱ ብሎ ሰዎችን በይፋ የለመነው አእምሮውን ስቶ አልነበረም።

ፋክቶሪዮ የተባለውን ጌም ውሰዱ። መቀመጫውን ፕራግ ያደረገው ሠሪው ዉቤ ሶፍትዌር ጌሙን በቅናሽ ላለመሸጥ የወሰነና ይህንንም በይፋ የተናገረ ነው፤ የበዓል ቅናሽ የለ፣ የዓመት መጨረሻ ቅናሽ የለ። ታዲያ ይህ ጌም አንድ ገበያ ላይ ረክሶ ሲገኝ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ ሠሪው ያልቀነሰውን ዋጋ ማን ቀነሰው? ቅናሽ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ከድርሻው ላይ ካልተወ፣ ሌላ ሰው ሳይወድ ከፍሎታል ማለት ነው። መልሱም በዚያው በ2019 መምጣት ጀመረ። ጂቱኤ የተሰረቁ ቁልፎች በገበያዬ መሸጣቸውን ላረጋገጠ ሠሪ በቻርጅባክ ያጣውን 10 እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ በኩራት ባወጀ ጊዜ ዉቤ 321 ቁልፎችን ዘርዝሮ ቀረበ። ገለልተኛ መርማሪ ይቀጠራል ተብሎ ሳይቀጠር ቀረና ጂቱኤ ራሱን በራሱ መረመረ፤ እንዲያም ሆኖ በግንቦት 2020 ከእነዚህ ውስጥ 198ቱ በገበያው መሸጣቸውን አምኖ 39,600 ዶላር ከፈለ። አሥር እጥፍ መሆኑን አስታውሳችሁ አካፍሉት፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ 20 ዶላር ይመጣል። ለማምረት ምንም አይጠይቅም የተባለው የፊደል ድርድር ይህ ነው። ቁልፎቹ የተሸጡት ደግሞ በ2016 ነበር። ስም ያለው፣ መዝገብ የሚይዝ ኩባንያ ስለ 198 ቁልፎች የታመነለት ከተሸጡ ከአራት ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ብቻውን ጌም የሚሠራ ወጣት በማን ፊት ቆሞ ምን ሊያስረዳ ነው?

የሚገርመው ያው ጂቱኤ በሐምሌ 2019 የተሰረቀ ቁልፍ መሸጥ ከሞላ ጎደል የማይቻል ነው የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ ማስታወቂያ መሆኑ ሳይገለጽ እንዲወጣ ለጌም መገናኛ ብዙኃን በክፍያ አቅርቦ መጋለጡ ነው። ኋላ ላይ አንድ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ያደረገው ነው አለ። ይሁን። የኛ ተንታኝ ዛሬ የደገሙት ግን የዚያኑ ጽሑፍ መንፈስ ነው፤ እሳቸው ያለ ፈቃድ አደረግሁት ሊሉ አይችሉም።

በእነዚህ ገበያዎች ያለ ቁልፍ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። ከጥቅል ሽያጭ የተረፈ አለ፣ ዋጋው ዝቅ ካለበት አገር የተገዛም አለ፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በጥር 2021 በአንድ የአውሮፓ አገር የተገዛ ቁልፍ በሌላው እንዳይሠራ በመቆለፋቸው፣ ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ባለቤት የሆነውን ቫልቭንና አምስት አሳታሚዎችን በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ግን ገምጋሚ ነኝ ብሎ በሐሰት ኢሜይል ከሠሪዎች የተለመነ ቁልፍም እዚያው ነው ያለው። ሦስቱም አንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ሥዕልና በተቀራራቢ ዋጋ ተቀምጠዋል፤ ገዢው የሚለይበት መንገድ የለውም። ይህ የአየር በአየር ንግድ የሚኖረውም አለመለየት ስለሚቻል ነው። ምንጩ ይታወቅ ቢባል ከቅናሹ ስንቱ ይተርፍ ነበር?

ገዢውስ ቢሆን ደህና ነው ያለው ማን ነው? በጥር 2015 የጌም አሳታሚው ዩቢሶፍት በተሰረቁ ካርዶች የተገዙ የፋር ክራይ 4 ቁልፎችን ሲሰርዝ፣ ከመልሶ ሻጮች የገዙ ሰዎች ጌማቸው ከመዝገባቸው ላይ ጠፍቶ አገኙት። ኩባንያው ጨዋታውን ጀምረው ለነበሩት ኋላ ላይ መልሶላቸዋል፤ ያ ግን ውለታ እንጂ መብት አልነበረም። ስቲም ከራሱ ለገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ከሌላ ቦታ ለመጣ ቁልፍ ግን ይህን አያደርግም። በሕጋዊ መንገድ ቅናሽ የሚሰጡ ደግሞ ሞልተዋል። ሃምብል ባንድልም ሆነ ግሪን ማን ጌሚንግ ከአሳታሚዎቹ ጋር ተዋውለው ነው የሚሸጡት። ገንዘብ ያጠረው ሰው ቅናሽ እስኪመጣ መጠበቅ ይችላል፤ ጌም የዕለት ጉርስ አይደለም።

ተንታኙን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማስታወቂያውን የሰጣቸው ገበያ ከሚያስተዋውቁት ቁልፎች መካከል አንዱን ይምረጥና ሻጩ ከማን፣ በስንት እንደገዛው ደረሰኙን በዝግጅታቸው ላይ ያሳይ። ካሳየ ስለዚያ አንድ ቁልፍ ያልኩትን ሁሉ በዚሁ ገጽ ላይ በይፋ እመልሳለሁ።