ሰባት ቁልፍ በአንድ ምስማር

ሰኔ በገባ በሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኛ በምንኖርበት ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቡና ተጠርተን ተሰባስበን ነበር። ቡናው የተፈላው እንደ ልማዱ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በምታስረክበው ጎረቤታችን ቤት ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው ለቶናው ሲጣድ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን የት እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ በረካው እስኪቀዳም ድረስ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ጥያቄውን ያነሣችው በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው ጎረቤታችን ናት። ነገሩን እንደ ሙያዋ በቁጥር አስቀመጠችው። «ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን፣ ጳጉሜን ሲጨመር 65 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድን ብናወጣ እንኳ 45 የሚያህል የሥራ ቀን ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጥና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ የደረሰኝ 20 ቀን ነው። እሱንም ቢሆን በሐምሌ ማን ሊሰጠኝ? ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል።» ስለዚህ ሁለቱንም ልጆቿን ለክረምት ትምህርት ልታስመዘግብ ቆርጣለች። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ፈተና አለበት፤ ትንሿም ከሞባይል ላይ ዓይኗን የምታነሣው ስትተኛ ብቻ ነው አለች።

(በነገራችን ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንኳ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሰኔ 30 ጉባኤውን ዘግቶ እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት ያርፋል። በዚያ ቀን ሥራ የሚበረታባቸው ሒሳብ ሠራተኞችና እናቶች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።)

ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር አልተስማሙም። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። አሥር ወር ሙሉ ከሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ሐምሌ ላይ እንደገና ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት ትምህርትን ይጠላል እንጂ አይማርም» አሉ። ከዚያም ስለ ብይ፣ ስለ ሰኞ ማክሰኞ፣ ለቡሄ ጅራፍ ስለ መግመድና የሆያ ሆዬ ግጥም ስለ ማጥናት ብዙ ነገሩን። ግጥም ይዞ በየበሩ የቆመ ልጅ በአደባባይ መናገርን ከማንኛውም ክፍል በተሻለ ይማራል ሲሉ እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን አልለቀቀቻቸውም። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ሜዳ የት አለ? ከብሎኩ ጀርባ ያለው ያላለቀ ሕንፃ ነው፤ ወረድ ሲሉ ደግሞ ውሃ ያቆረ የድንጋይ ካባ አለ። በየክረምቱ ልጆች በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ሰጠሙ ሲባል አይሰሙም?» አለቻቸው። እሳቸውም ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሱስ እውነት ነው፤ ግን አንድ ሰው ከመስኮት ሆኖ ካየ…» ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

የታክሲ ሾፌር የሆነው ወጣት አባት በበኩሉ ነገሩ ይህን ያህል አያስጨንቅም ባይ ነበር። እናቱ መንዝ ናቸው፤ ልጁን ሰኔ 30 ካርዱን በተቀበለ ማግስት ይወስደዋል፤ እዚያ እሸቱ ባይደርስም ወተቱ አለ፣ ፍልሰታን ከአያቱ ጋር ጾሞ ይቆርባል፣ ለእንቁጣጣሽ ይመለሳል። መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም፣ ብርዱስ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚያረካ መልስ አልነበረውም። «እናቴ እንደሆነች ቤት ነው የምትውለው» ብሎ ዘጋው።

ይህን ሲል የቡና ስኒውን ስታቀርብ የነበረችው የቤቱ ባለቤት፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ቀና አለች። እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወደተመታው ምስማር ጠቆመች። በምስማሩ ላይ ሰባት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ እንዳይቀላቀሉ እያንዳንዱ በተለያየ ቀለም ክር ታስሯል፤ አረንጓዴው ክር የእኔ ነው።

«እኔም ቤት ነው የምውለው» አለች። «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ምጣድ እጥዳለሁ። በክረምት ሊጡ ቶሎ አይቦካም፤ መብራት ከጠፋም ቀኑ ሙሉ ይባክናል። ባለፈው ሐምሌ አብሲቱን እሳት ላይ አድርጌ እያማሰልኩ ሳለ የዚያችኛዋ ልጅ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን ዘጋና ክፈቺልኝ ብሎ መጣ። እሱን ከፍቼ ስመለስ አብሲቱ ጓጉሏል፤ ያን ቀን ያስረከብኩት እንጀራ ዓይን የለውም ተብሎ ግማሹ ተመለሰብኝ። ማንም ክፈሉኝ አላልኩም። ግን አንዳችሁም ክረምቱን ትችይዋለሽ ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ አታውቁም።»

«የዚያችኛዋ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመገናኛን ታክሲ ለመያዝ ስሮጥ ቁልፉን በእጇ አስጨብጬ «አደራ» እላለሁ፤ ያ አደራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቤ አላውቅም። ስለዚያ አብሲትም የሰማሁት ያን ዕለት ገና ነው። ሾፌሩ «እትዬ፣ እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ አይተንሽ ነው» አለ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ በየወሩ የሆነ ነገር እናዋጣ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ባለቤቲቱ ለሁለቱም አልመለሰችም፤ በረካውን ቀዳች።

እኔ እንደምፈርደው ከሆነ፣ በክርክሩ ውስጥ ስለ ልጆች የተነገረው ሁሉ በየራሱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ያልተነገረው ነው። የክረምት ትምህርቱ የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ ምሽት ልጆቹን የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ ታስቧል። የመምህሩ ጨዋታም ከመስኮት የሚያይ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ይመስለኛል ዐረፍተ ነገራቸውን ያልጨረሱት። የመንዟ አያትም ብትሆን ያችው እንጀራ ጋጋሪያችን ናት፤ የሚለያቸው ርቀቱ ብቻ ነው። ሁላችንም ቤት የዋለችን ሴት ሥራ እንደሌላት ቆጥረን፣ የእሷን ቀን እንደ ራሳችን ፈቃድ ስንከፋፈል ነበር። መዋጮውም በእኔ እምነት መልስ አይሆንም፤ የጠየቀችው የምትጋግርባቸው ሦስት ቀናት የራሷ እንዲሆኑ ነውና።

በማግስቱ የፈቃድ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ በፍልሰታው ሁለት ሳምንት እኔው ቤት እውላለሁ። ለሐምሌ ደግሞ መምህሩን፣ በሦስቱ የመጋገሪያ ቀናት ልጆቹን ደረጃው ሥር ሆነው ያዩልን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ ሰዓቱ መርዘሙን አይተው ረቡዕና ዓርብን ብቻ ተቀበሉ። ማታ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ አረንጓዴ ክር ያለበትን ቁልፌን ከምስማሩ አነሣሁ። ሰኞን ምን እንደማደርግ ገና አላገኘሁለትም፤ ስድስቱ ቁልፍም እዚያው እንደተንጠለጠለ ነው።