ማጥለያው የት ሄደ?

ቦሌ አካባቢ አዲስ ካፌ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስወራው ቡናው አይደለም፤ ጣሪያው ነው። ቀና ስትሉ የእናታችሁ ኩሽና ተሰቅሎ ይጠብቃችኋል። እዚህ ጋ አንገቷ የተሰበረ ጀበና፣ እዚያ ጋ የሥጋ መፍጫ፣ መሀል ላይ አበባ ያለበት ፔርሙስ። የሁሉም ሆድ ውስጥ ቢጫ አምፖል አለ። የአምፖሉ ክር ይታያል፤ ሜኑው ግን አይታይም። የሞባይላችሁን ባትሪ አብርታችሁ ታነባላችሁ። ዋጋውን ስታዩት ጨለማው ለምን እንደተፈለገ ይገባችኋል።

እነዚህ ዕቃዎች ከቤታችን የወጡት በልዋጭ ነው። እናቶቻችን የከሰል ካውያውን ሰጥተው ሁለት ብርጭቆ ይቀበሉና "ሸወድኩት!" እያሉ ይገቡ ነበር። ያው ካውያ ዛሬ ገመድ ገብቶለት፣ "ቪንቴጅ" ተብሎ፣ ብርጭቆ በካርቶን በሚገዛ ዋጋ ተመልሶ ይሸጥልናል። ልዋጩ በሰማይ ቤት እየሳቀ ይሆናል።

ደግሞ ከጣሳ መብራት መሥራት ለኛ ምኑ አዲስ ነው? መርካቶ ምናለሽ ተራ ብቅ በሉ። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ባልዲ ይሆናል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ከሆነ ክዳኑን በስተው ቀጭን ቱቦ ይተክሉበታል፣ የጨርቅ ፈትል ያስገቡበታል፣ ነጭ ጋዝ ይሞላል። ኩራዝ ሆነ ማለት ነው። ያንን የሚሠራውን ሰውዬ አርቲስት ያለው የለም። በኩራዝ አጥንቶ ሐኪም የሆነ ሰው ግን በየአገሩ ሞልቷል። በጀበና መብራት አጥንቶ ያለፈ እስካሁን አልሰማሁም።

የኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥም አንድ ባለሙያ አለን። ጎረቤቴ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ይሄን አልክድም። የሠራውን የካውያ መብራት አይቼዋለሁ። ክዳኑን የምትቆልፈው ትንሽ የብረት ዶሮ እንዳለች ናት። እሷን ገለል ስታደርጉ ክዳኑ ይከፈታል፤ ፍም በነበረበት ቦታ አምፖል ተቀምጧል። የከሰሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ግድግዳው ላይ ብርሃን ይረጫሉ። ያምራል!

ችግሩ የመጀመሪያው ካውያ ይነዝር ነበር። ገመዱ የገባበት ቀዳዳ ጠርዙ ስለት ስለሆነ ላስቲኩን ልጦት ኖሯል። 220 ቮልት ደግሞ ጥበብ አያውቅም፤ ብረት ካገኘ ብረቱን ይዞ ይጠብቃችኋል። አሁን ቀዳዳው ላይ ጎማ ያስገባል፣ ሦስተኛዋን የመሬት ሽቦ ከብረቱ ጋር ያስራል። ፔርሙሱ ውስጥም ያንን የድሮውን 60 ዋት አምፖል ከቶበት ነበር። ያ አምፖል የሚበላውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሽታው እኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው 9 ዋት ኤልኢዲ ሆኗል።

ሽታውን እናቱ ችለዋል። ያልቻሉት ማጥለያውን ነው። አንድ ቀን ማካሮኒ ጥደው ኩሽናውን ሲያምሱ ደረስኩ።

"አንተ፣ ማጥለያዬ የት ሄደ?"

ልጅየው ወደ ሳሎኑ ጣሪያ በአገጩ ጠቆመ። "እማዬ፣ እሱ እኮ አሁን ማጥለያ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ፔንደንት።"

"እንግዲያው ፔንደንትህን አውርድና ማካሮኒው ሳይላሽቅ አምጣልኝ!"

ጉዳዩ በሽማግሌ ተያዘ። ሽማግሌው እኔ ነበርኩ። በስምምነቱ መሠረት ማጥለያው በመንጠቆ ይሰቀላል። ማካሮኒ በሚበላበት ቀን ይወርዳል፣ አቧራው ይታጠባል፣ ሥራውን ሠርቶ ይመለሳል። ማጥለያው ሲወርድ አምፖሉ እርቃኑን ይቀራል፤ ቤቱም ቦግ ይላል። ሳሎናቸው በደንብ የሚታየው የማካሮኒ ቀን ብቻ ነው። እኔም የልጆቼን የቤት ሥራ ይዤ የምሄደው ያን ቀን ነው።

ልጅየው ግን በዚህ እርቃን አምፖል አፍሯል። ለማካሮኒ ቀን የሚሆን ተለዋጭ መብራት እየሠራ ነው። ከድስቱ።