አክተር አይሞትም፣ ፊልሙም አያልቅም

በፊልም ዓለም ሞት ማለት የዓመት ፈቃድ ነው። ሰውዬው ይወድቃል፣ ሙዚቃው ሙሾ ያወርዳል፣ ተመልካቹ መሐረብ ያወጣል፤ ሟች ግን ሁለት ሦስት ዓመት አርፎ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ክፍያውን አስጨምሮ ይመለሳል። ድሮ «አክተር አይሞትም» ሲባል ሕጉ ለዋናው ሰውዬ ብቻ ነበር፤ ክፉው ከሞተ ሞተ ነው። አሁን እኩልነት ሰፍኗል። የስታር ዋርሱ ክፉ ንጉሠ ነገሥት በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ማለቂያ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ተወረወረ፤ ጉድጓዱ ያለበት ግዙፍ የጠፈር ጣቢያም ተከትሎ ፈነዳ። ከዚህ በላይ ምን ተደርጎ ይገደል? በ2019 ከች አለ። እንዴት እንደተረፈ ለማስረዳት የተመደበው ጊዜ አንድ ፓይለት አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገርበት ያህል ነው፤ ይዘቱም ባጭሩ «ብቻ መጥቷል» ነው።

በፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ሃን የተባለው ልጅ መኪናው ጋይቶ ሲሞት ስንቱ አንብቶለታል፤ በ2021 በዘጠነኛው ክፍል «አለሁ» ብሎ መጣ። እዚያው ፊልም ላይ ሁለት ጓደኞቹ መኪና ላይ ሮኬት አስረው ጠፈር ደርሰው ተመለሱ። ይህ ራሱን «ቤተሰብ» ብሎ የሚጠራ ቡድን በ2001 ሥራ ሲጀምር የጭነት መኪና እያሳደደ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚዘርፍ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕድገት ያስመዘገበ መንግሥት እስካሁን አልታየም።

የምር የሞተም ቢሆን አይተማመን። ተዋናዩ ኢያን ሆልም በ2020 አረፈ፤ በ2024 በወጣው ኤሊየን፦ ሮሙለስ ላይ ግን ፊቱ በቴክኖሎጂ ተሠርቶ፣ ቤተሰቡም ፈቅዶ፣ ሥራ ገብቷል።

ይሄ ሁሉ ለምን? ሒሳቡን እናስላው። አንድ ትልቅ ፊልም ለመሥራት 200 ሚሊዮን ዶላር ወጣ እንበል። የማስታወቂያው ወጪ እዚህ ውስጥ የለም፤ እሱ ለብቻው ከመቶ ሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል። ተመልካቹ ከሚከፍለው የትኬት ዋጋ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሲኒማ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ ከቻይና ለስቱዲዮው የሚደርሰው ሩብ ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ የሙያው ሰዎች በግርድፉ «የበጀቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ካልሸጠ ከኪሳራ አይወጣም» ይላሉ። 200 የበላው 500 መሸጥ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ዜናው «300 ሚሊዮን ዶላር አስገባ» ሲል «ወይ ገንዘብ!» ብሎ የሚደነቅ ጓደኛ ካለዎት፣ የሚያደንቀው ለቅሶ ቤት መሆኑን ቀስ ብለው ይንገሩት።

እንግዲህ የስቱዲዮ ኃላፊ ነዎት እንበል። ጠረጴዛዎ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ማንም ሰምቶት የማያውቅ ግሩም ታሪክ ነው፤ ሌላው ርዕሱ ላይ «4» የሚል ቁጥር አለው። ግሩሙ ታሪክ ከወደቀ «ማነው ይሄን የፈቀደው?» ተብሎ ስምዎ ይጠራል። ባለ «4»ቱ ከወደቀ የሚወቀሰው ተመልካቹ ነው፤ «ሕዝቡ ሰልችቶታል» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል፣ ስብሰባውንም እርስዎ ይመራሉ። የቱን ይፈርማሉ?

ደግሞ እኛም ንጹሕ አይደለንም። «ዘንድሮ አዲስ ነገር ጠፋ» ብለን ስናማርር በከረምንበት በ2024 በዓለም ዙሪያ ብዙ ገንዘብ ያስገቡትን አሥር ፊልሞች ይዩልኝ፦ ኢንሳይድ አውት 2፣ ዴድፑል እና ዎልቨሪን፣ ሞአና 2፣ ዴስፒከብል ሚ 4፣ ዊኪድ፣ ሙፋሳ፣ ዱን ክፍል ሁለት፣ ጎድዚላ እና ኮንግ፣ ኩንግ ፉ ፓንዳ 4፣ ሶኒክ 3። ዘጠኙ የሌላ ፊልም ተቀጥላ ናቸው። ብቸኛዋ አዲስ ዊኪድ ነበረች፤ እሷም ከመድረክ ቲያትር የተወሰደች ግማሽ ታሪክ ናት፣ ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ቀድሞ ተቀርጾ ተራውን ይጠብቅ ነበር። «የመጀመሪያው ይሻል ነበር» የሚለው ሰው ይህን የሚለው ከሁለተኛው ሲወጣ ነው፤ የሦስተኛውንም ትኬት የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሒሳቡ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ጆከር በ2019 ሲወጣ ከ70 ሚሊዮን ዶላር ባልበለጠ ወጪ ተሠርቶ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሸጠ። ስቱዲዮው «እንግዲያው ብር እንጨምርበት» አለ፤ በ2024 ሁለተኛው ወደ 200 ሚሊዮን ፈጅቶ የሸጠው ወጪውን ያህል ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፦ ታሪኩ ከእስር ቤት ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት እስር ቤት ይመላለሳል፤ በየመሃሉ ይዘፈናል። ለመጀመሪያው የተሰለፈው ሰው ዘፈን አላዘዘም ነበር።

ከገንዘቡ ሌላ የመብት ጉዳይም አለ፤ ተራ ተመልካች ይህን ካላወቀ ብዙ ነገር አይገባውም። አንድ ኩባንያ የአንድን ገጸ ባሕርይ የፊልም መብት ሲገዛ «በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልሠራህ ይመለሳል» የሚል ውል ሊኖር ይችላል። የፋንታስቲክ ፎር (የአራት ልዕለ ጀግኖች ቡድን ነው) መብት ጊዜው ሊያልቅበት የነበረ አንድ ፕሮዲዩሰር በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለጀግና ፊልም በማይታሰብ ዋጋ፣ አንድ ፊልም አሠራ። በ1994 ይወጣል የተባለው ፊልም ለሕዝብ ሳይታይ ቀረ። መብቱ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ያው አራት ሰዎች በ2005፣ በ2015 እና በ2025 «እንደ አዲስ» ተዋውቀውናል። ሦስት ጊዜ ስሙን እንደ አዲስ የሚነግርዎት እንግዳ ቢመጣ በር ይዘጉበት ነበር።

ወደ ሪሜክ፣ ማለትም አንዴ የተሠራን ፊልም እንደገና ወደ መሥራቱ፣ እንምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው ለዚህ ነው። ላየን ኪንግ በ1994 በእጅ የተሣለ ካርቱን ነበር። በ2019 «ላይቭ አክሽን» (ያልተሣለ፣ በካሜራ የተቀረጸ) ሆኖ መጣ ተብሎ ዓለም ተሰለፈ። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ራሱ እንደተናገረው ግን በእውነተኛ ካሜራ የተቀረጸው ምስል አንድ ብቻ ነው፦ መክፈቻው ላይ የምትወጣዋ ፀሐይ። ሌላው በሙሉ ኮምፒውተር ነው። ካርቱን በካርቱን ተተካ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ካርቱንነቱን ያፍርበታል።

ያፍርበታልና ፊት አልባ ሆነ። የ1994ቱ ግልገል ቅንድብ አለው፤ ቅንድቡ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዓይኑ ሳህን አክሎ እንባ ይሞላል። አባቱ ሬሳ ሥር ገብቶ ክንዱን ለብሶ ሲተኛ ድንጋይ ልብ ያለውም ይረታል። በ2019 ያው ትዕይንት፣ ያው ሬሳ፣ ያው ክንድ አለ። እውነተኛ አንበሳ ግን ሲያዝን ቅንድቡን አይሰብርም፤ ስለዚህ ድምፁ ያለቅሳል፣ ፊቱ ምሳ እንደሚጠብቅ ድመት ነው። አሠሪዎቹ ፀጉሩን አንድ በአንድ አበጥረው ሠርተውታል፤ የረሱት የሚተውነው ፀጉር አለመሆኑን ነው። (ፊልሙ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። እኔ ምን አገባኝ።)

ርዝመቱንም ያስተውሉ። የመጀመሪያው ላየን ኪንግ 88 ደቂቃ ነበር፣ አዲሱ 118። ሊትል መርሜድ በ1989 83 ደቂቃ፣ በ2023 135። ዓሣዋ ያው ዓሣ፣ ልዑሉ ያው ልዑል፤ 52 ደቂቃው ከየት መጣ? ካርቱን በሚሣልበት ዘመን እያንዳንዱ ሴኮንድ የሰው እጅ ይፈጅ ስለነበር ትርፍ ትዕይንት ውድ ነው፤ ከመሣሉ በፊት ይቆረጣል። አሁን ልዑሉም የልጅነት ታሪክ፣ የራሱ ዘፈን፣ የራሱ ብሶት ይሰጠዋል።

በመሃል ያለው ዕረፍትም እያጠረ ነው። ስኖው ዋይት ከ1937 እስከ 2025 88 ዓመት ጠብቃለች። ላየን ኪንግ 25 ዓመት። ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን 15 ዓመት፤ ያውም ከመጀመሪያው ሁለት ዳይሬክተሮች በአንዱ፣ የአባትየውን ገጸ ባሕርይም ያው ተዋናይ ይዞት። ለሞአና የተቀጠረላት 10 ዓመት ነው። በዚህ አካሄድ ሪሜኩ ከዋናው ፊልም ቀድሞ የሚወጣበት ቀን ሩቅ አይደለም።

እንደገና መሥራት በራሱ ነውር የለውም። የሆንግ ኮንጉ ኢንፈርናል አፌርስ በ2002 ወጥቶ በ2006 ዘ ዲፓርትድ ተብሎ ቦስተን ገባ፤ ከተማው፣ ወንበዴው፣ አነጋገሩ ሁሉ ተለውጦ የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። ሳይኮ ደግሞ በ1998 ከ1960ው ላይ ትዕይንት በትዕይንት ተገልብጦ፣ ቀለም ተቀብቶ ቀረበ፤ ያው ማዕዘን፣ ያው ንግግር፣ የሚያስፈራው ነገር ብቻ የለም። የተበላሸ ፊልም ሞልቶ ሳለ የተሳካውን ማደስ ምን ይሉታል? የወደቀውን ብታነሡት ማን ከለከላችሁ!

ተራ ተመልካችን ይበልጥ ያስመረረው ግን የቤት ሥራው ነው። በ2023 የወጣውን ዘ ማርቭልስ ያለ አስተርጓሚ ለመረዳት የ2019ን ካፕቴን ማርቭል፣ ዘጠኝ ክፍል ያለውን ተከታታይ ድራማ ዋንዳቪዥን፣ ስድስት ክፍል ያለውን ሚስ ማርቭል ቀድሞ ማየት ነበረብዎት። ለ105 ደቂቃ ፊልም ዝግጅቱ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ነው። ያላየ ሰው ሦስቱ ሴቶች ሲገናኙ «ማን ናት?» ይላል፤ ያየው ጎረቤቱ ማስረዳት ይጀምራል፤ አስረድቶ ሲጨርስ ሌላ ያልታወቀ ሰው ይገባል። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 206 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሸጦ በማርቭል ተከታታይ ፊልሞች ውስጥ የመጨረሻውን ደረጃ ያዘ። ፈተናውን ብዙ ሰው ወድቋል።

ግማሽ ፊልም በሙሉ ዋጋ መሸጥም መጥቷል። የዊኪድ ቲያትር ዕረፍቱ ተጨምሮ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻውን 2 ሰዓት ከ40 ነው። ፖስተሩ ላይ «ዊኪድ» ይላል እንጂ «ክፍል አንድ» አይልም፤ ያንን የሚያነቡት ገብተው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። እሱስ ተከታዩ መጣ። ኬቪን ኮስትነር ሆራይዘን የተባለውን የምዕራብ ታሪክ ምዕራፍ አንድ በጁን 2024 አወጣ፤ ምዕራፍ ሁለት በኦገስት ይከተላል ተብሎ ነበር። አንዱ ሲከስር ሁለተኛው ከመርሐ ግብሩ ወጣ። ለምዕራፍ አንድ የከፈለው ሰው ሠረገሎቹን መንገድ ላይ ትቷቸው ቀረ።

እንግዲህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ጥቂት ምልክት ይያዙ። ርዕሱ ቁጥር ካለው ቢያንስ ሐቀኛ ነው። ቁጥሩ ተሰውሮ ርዕሱ እንዳለ ከተደገመ፣ በመሃል የተሠሩትን እንዲረሱለት እየለመነዎት ነው፤ ሃሎዊን ብቻ የሚል ርዕስ ያላቸው የ1978፣ የ2007 እና የ2018 ፊልሞች አሉ፣ «ሃሎዊንን አየሁት» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ዓመተ ምሕረት ይጠይቁ። ትሬለሩ የድሮ ዘፈን በፒያኖ አዝግሞ ካሰማዎ የሚሸጥልዎ ትዝታ ነው። ሐያሲዎች እስከ መውጫው ቀን ድረስ አስተያየት እንዳይጽፉ ከተከለከሉ ስቱዲዮው ራሱ ፈርቷል። መጸዳጃ ቤት መሄድ ካለብዎ ሁለት ሰዎች በጸጥታ ሲነጋገሩ አይውጡ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ስም የለሽ ሠራዊት ከሰማይ መውረድ ሲጀምር ይነሡ፤ ተዝናንተው ሲመለሱ ገና እየወረደ ያገኙታል።

ሲሳካ ደግሞ እንዴት ያምራል! ቶፕ ገን፦ ማቭሪክ ከ1986ቱ 36 ዓመት በኋላ በ2022 መጣ። ቀድሞ ማየት ግዴታ አይደለም፤ ሰውዬው እንዳረጀ፣ የሞተ ጓደኛው ልጅ እንዳኮረፈው፣ አውሮፕላን እንደሚወድ በሩብ ሰዓት ይገባዎታል። ተዋናዮቹን በእውነተኛ የባሕር ኃይል ጄት የኋላ ወንበር አስቀምጠው፣ ኮክፒቱ ውስጥ ስድስት ካሜራ ገጥመው አበረሯቸው፤ ጉንጫቸው ወደ ጆሯቸው ሲሳብ ያየነው ትወና አይደለም። ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። በ2023 ደግሞ ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ በ80 ዓመቱ ኢንዲያና ጆንስን ሆኖ ተመለሰ፤ ፊልሙ መግቢያው ላይ በኮምፒውተር ወጣት አድርጎት ረጅም ጊዜ አሯሯጠው። ፊቱ የ40፣ ሩጫው የ80 ሆነ፤ ይህን ዓይን ቶሎ ይይዘዋል።

የቀረው መጨረሻ ላይ ተቀምጦ የመጠበቁ ነገር ነው። በ2008 አይረን ማን ከስም ዝርዝሩ በኋላ አንድ አጭር ትዕይንት ካሳየ ወዲህ መብራት በርቶ፣ ጽዳት ሠራተኞች መጥረጊያ ይዘው ቆመው፣ ሰው ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። በማርቭል ፊልሞች ብዙውን ጊዜ ሁለት ትዕይንት አለ፦ በሥዕል ካሸበረቀው የስም ዝርዝር በኋላ የሚመጣው ቁም ነገር አለው፤ ጥቁሩ ዝርዝር ተንከባልሎ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ቀልድ ነው፣ ቢቀርም አይጎዳም። ይህ ሕግ በ2019 በአቬንጀርስ፦ ኤንድጌም ላይ አልሠራም። ትዕይንት የሚባል ነገር አልነበረም። ሕዝቡ ሦስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ተቀምጦ፣ የሾፌሩንና የሒሳብ ሠራተኛውን ስም ሳይቀር አንብቦ፣ በመጨረሻ የሰማው በጨለማ ውስጥ ብረት ሲቀጠቀጥ ነው፤ ቂው፣ ቂው፣ ቂው። ወጥቶም በር ላይ ቆሞ ስለ ቅጥቀጣው ትርጉም ተከራከረ፤ «አዲስ ክፍል ሊሠሩ ነው!» ያለው ክርክሩን አሸነፈ።