ናኦሚ ግርማ እና የሰፈራችን ተከላካይ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ጀርባ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ እዚያ ጋ ቆም እላለሁ፤ ከወንዶቹ መሃል የጎረቤቴ ልጅ ስለምትጫወት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁሌም የምትሰለፈው ኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በቁመት በጣም የሚበልጣት ልጅ ኳስ እየገፋ መጣባት። ዘላ አልገባችበትም። ወደ ኋላ እያፈገፈገች፣ ዓይኗን ከኳሱ ሳትነቅል፣ ቀስ እያለች ወደ ጥግ ወሰደችው፤ ልጁ ኳሷን ትንሽ ሲያስረዝማት እግሯን ሰደድ አድርጋ ነጠቀችው። ማንም አላጨበጨበም። ትንሽ ቆይቶ ጎል ያገባውን ልጅ ግን ትከሻቸው ላይ አወጡት።

ማንን እንደምትወድ ጠየቅኳት። "ናኦሚን ነዋ ጋሼ!" አለችኝ። በእናቷ ስልክ ቁርጥራጭ ቪዲዮ እየፈለገች ነው የምታያት፤ የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት የወንዶቹ ቼልሲ ሲጫወት መቆሚያ ይጠፋል፣ የሴቶቹን ግን ሲያሳይ አይቼ አላውቅም።

ናኦሚ ግርማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ የተወለደች የመሃል ተከላካይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ስትባል ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ተከላካይ ነበረች። በ2024 ፓሪስ ላይ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። አሰልጣኟ ኤማ ሄይስም እንደሷ ያለ ተከላካይ አይቼ አላውቅም ብላ መሰከረችላት። ጥር 2025 ላይ ቼልሲ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ከሳን ዲዬጎ ዌቭ ወሰዳት። በሴቶች እግር ኳስ አንድ ሚሊዮን ዶላር የተሻገረ የመጀመሪያው ዝውውር ነው። ክብረ ወሰኑ ከዚያ ወዲህ ተሰብሯል፣ ግን በሩን የከፈተችው አጥቂ ሳትሆን ተከላካይ መሆኗ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ አገር ስሟ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው፦ ለምን ለሉሲዎቹ፣ ለኢትዮጵያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ አልተጫወተችም? እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው፤ ለአገሯ ተጫወተች። እኛ መጠየቅ ያለብን እንዴት ኳስ እንደጀመረች ነው። አምስት ዓመቷ አካባቢ፣ አባቷና ሌሎች አበሾች ልጆቻቸውን ሰብስበው ያጫውቱ ነበር። ስሙን "ማለዳ" ብለውት ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። አካዳሚ አይደለም። ሜዳ፣ ኳስ፣ እና ልጆቹን ይዞ የሚወጣ ወላጅ።

ይሄ እኛ ጋ ለምን ያቅታል? ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ግን ውድድሩን በቴሌቪዥን ነው የምናየው። ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ጎል ያዘነበችው ሎዛ አበራ ስትነሳ ሁላችንም ደስ ይለናል። እሷ የወጣችው ግን ብዙ በር እየገፋች ነው። ተከላካይ ስትሆኚ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎል ይቆጠራል፣ የነጠቅሽው ኳስ ማን ይቆጥርልሻል? የፊፋ ደንብ እንኳን ወንድ ልጅ ላሳደገ ትንሽ ክለብ የሚያስገኘውን የማሰልጠኛ ካሳ ለሴቶች አይሠራበትም። ስለዚህ ሴት ልጆችን የሚያሰለጥን የሰፈር ፕሮጀክት ሁሉን ነገር ከኪሱ ነው የሚያወጣው። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

የልጅቷ እናት "እግሯ ቢሰበርስ?" ትለኛለች። ፍርሃቷ እውነት ነው። ናኦሚም እ.ኤ.አ. በ2020 የጉልበት ጅማቷ ተበጥሶ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ አምልጧታል። ይሄንንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ማን አሳከማት?" አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበረች፣ ሐኪም ነበራት። የኛ ልጆች ማንም የላቸውም፤ በዚህ ላይ የምመልስላት አልነበረኝም።

ቢያንስ ሰዓቱን ግን ማስተካከል እንችላለን። ከትምህርት መልስ ሜዳውን ትልልቆቹ ወንዶች ይይዙታል፣ ሴቶቹ ደግሞ ቤት ሥራ አለባቸው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለሴቶች ብቻ ይሁን ብዬ ለኮሚቴው ላቀርብ ነው። ስብሰባው እሁድ ነው፤ እናትየውም አብራኝ ልትመጣ ነው።