ከጄ ዲላ ራፕ ይልቅ ምቱ

ስለ አሜሪካዊው የሂፕ ሆፕ ሙዚቀኛ ጄ ዲላ ያነበብኩት ጽሑፍ እርሱን በቅድሚያ እንደ ራፐር ማቅረቡ ስህተት ባይሆንም፣ የሥራውን ዋና ክፍል አሳንሶታል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዲትሮይት የተወለደው ዲላ (በትክክለኛ ስሙ ጄምስ ያንሲ) በስላም ቪሌጅ የሂፕ ሆፕ ቡድን ውስጥ ራፕ ቢያደርግም፣ ብዙ ሙዚቀኞች የሚያነሡት ግን ኤምፒሲ በተባለው የሙዚቃ ምት መሥሪያ ማሽን ላይ ምቱን በጣቱ እየመታ፣ ማሽኑ ራሱ እንዲያስተካክልለት ሳይፈቅድ፣ ከበሮውን ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ በማስቀመጡ ነው። እኔ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ፣ የማኅሌት ከበሮ እየሰማሁ በማደጌ ይህ አሠራር እንግዳ አልሆነብኝም፤ የከበሮ መቺው እጅ ከመዘምራኑ ዜማ ጋር አንዳንዴ ረጋ፣ አንዳንዴ ፈጠን ይላል እንጂ እንደ ሰዓት አይቆጥርም። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የእኛው ጸሎት ነውና።

በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈው «ዶናትስ» የተባለው አልበምም ሰፊ ቦታ ይገባው ነበር። 31 አጫጭር ክፍሎች ያሉት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2006፣ በ32ኛ የልደት ዕለቱ ወጣ፤ ለረጅም ጊዜ ታሞ የነበረው ዲላ ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ። ኤምፒሲው ዛሬ በዋሽንግተን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ነው።