ምስጋና ለጣት ቤተ ሙከራ

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ይህን ተረት ያወረሱን ሰዎች ባሕር ዳር መጥተው ከዛፍ ጥላ ሥር መኪና ሲጠገን ስላላዩ ይቅር እንላቸዋለን። እኛ ዘንድ ሙያ በጣት ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል።

ባለፈው ቅዳሜ ቮልሴን ይዤ ወደ አንዱ ጥላ ጎራ አልሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ናት። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስመልሳት ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) አጥንት እንደሚቆረጥም ውሻ ይንኮሻኮሻል። ዘይቷ ሳይሆን አይቀርም ብዬ የመመሪያ መጽሐፏን አወጣሁ። የማርሽ ዘይት፣ ውፍረቱ 90፣ መጠኑ 2.5 ሊትር ይላል፤ በዛሬው አጠራር ጂኤል-4 የሚባለው (የቅመሙ እንጂ የውፍረቱ ያልሆነ) ደረጃ ማለት ነው። ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በአደባባይ መጽሐፍ ገለጥሁ፤ ይህ ደግሞ እንደ ነውር ተቆጠረብኝ።

«ጋሼ፣ መኪና በወረቀት አይጠገንም» አለኝ አንዱ ወጣት፣ ለእናቱ ልጅ የሚያዝነውን ያህል እያዘነልኝ።

እግዜር ይስጣቸው፣ አማካሪ አላጣሁም። ባጃጁን ያቆመ፣ ጎማ የሚያስለጥፍ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ለቅሶ የሚሄድ ሁሉ ስለ እኔ ካምቢዮ ሲል መንገዱን አቋረጠ። «ዘይት ዘይት ነው፤ የሞተሩን ጨምርበት» ያለኝን ፈላስፋ አመሰግናለሁ። «መቶ አርባ አድርግበት፣ ወፍራም ዘይት ድምፅ ይውጣል» ያለኝንም እንዲሁ። ካምቢዮው እየተበላ እኔ ካልሰማሁ ምን ቸገረኝ? ከሁሉ የረቀቀው ግን የባለ ሱቁ ሒሳብ ነበር። ጂኤል-4 የለውም፤ ጂኤል-5 ግን ሞልቷል። «አምስት ከአራት አይበልጥም እንዴ?» አለኝ። እንዴት አይበልጥም! ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች የተማረችውን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልክድ ነው?

በካምቢዮው ውስጥ ግን ሒሳብ ያልተማረ አንድ የነሐስ ቀለበት አለ፤ ሲንክሮናይዘር ይሉታል። ማርሽ ስናስገባ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩትን ብረቶች እየተፋተገ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ጂኤል-5 የተሰናዳው የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ጥርሶች ለሚሸከሙት ከባድ ጫና ስለሆነ የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመሙ ከጂኤል-4 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። አንዳንዱ ነሐሱን ይበላዋል፤ ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚያንሸራትት ሽማግሌው የሚጨብጠው ያጣል። ይህን ለባለ ሱቁ ለማስረዳት ሞከርሁ። በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «ታዲያ ስንት ልስጥህ?» አለኝ።

በዚህ መካከል ዘይት በጣታቸው የሚመረምሩት ባለ ጣቱ ከበርጩማቸው ተነሡ።

ዝም ተባለ። ባለ ጣቱ የመኪና ባለቤት ሆነው አያውቁም፤ ጣት ያለው ሰው መኪና ምን ያደርግለታል? እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከተከፈተው የጂኤል-5 ጠርሙስ አንድ ጠብታ በሌባ ጣታቸው ተቀበሉ (ሌባ መባሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም)። በአውራ ጣት አሹት። ሁለቱን ጣቶች በቀስታ አለያይተው በመካከላቸው የተዘረጋችውን ክር እንደ አጥማጅ መረብ ተመለከቷት። አሸተቱ። ዓይናቸውን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አሻግረው ቆዩ። እንደገና አሹ፣ እንደገና አሸተቱ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ለቅሶ የሚሄደው ሰው ሟቹን ረሳ። በመጨረሻ «ዘጠና ነው፤ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ምርጥ ነው!» አሉና ሕዝቡ ተነፈሰ።

ፍትሕ አይጓደል፤ ጣታቸው በውፍረቱ አልተሳሳተም። ዘጠና ነው። ቀጥሎ ከተጎረበጠ ቆርቆሮ 40 የሞተር ዘይት ቢቀርብላቸው እሱንም «ዘጠና» አሉት። የሞተርና የማርሽ ዘይት ቁጥሮች የሚሰፈሩት በተለያየ ቁና ስለሆነ 90 የተባለው የማርሽ ዘይት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር በውፍረት ይቀራረባልና ለጣት ምን ይለየዋል? «ኃይለኛ» ያሉት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ያው የሰልፈሩ ነው፤ ሽማግሌውን ሊበላ የመጣው።

ይህ ጣት በካምቢዮ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ያስቆጫል። የፍሬን ዘይት ይመረምራል፤ ማር ይመረምራል፤ አንድ ቀን የሰው ትኩሳት ሲለካበት አይቻለሁ፤ «ወባ ነው» ብሎ አሰናበተው። ጣና ውስጥ ቢነከር የሐይቁን ጥልቀት ይነግረን ነበር። ጥልቅ በተባለው ቦታ ዐሥራ አራት ሜትር ገደማ ነው፤ ጣቱ መቶ አርባ ይለዋል። እኛም ጀልባችንን እንደዚያው እናስተካክላለን።

እኔ ስከራከር ረዳቱ ልጅ ሥራ ጀምሮ ኖሯል። የቮልስ ካምቢዮ ቡሎን በ17 ቁጥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይፈታል፤ እሱ በመዶሻና በመሮ ፈታው። ዘይት መሙያው ሳይከፈት ማፍሰሻው አይነካም፤ መሙያው አልከፈት ቢል መኪና ባዶ ካምቢዮ ታቅፋ ትቀራለችና። ይህንንም እንለፈው። 2.5 ሊትሩን ጥቁር ዘይት፣ የነሐስ ብናኝ እንደ ወርቅ እያብለጨለጨበት፣ በቀጥታ ወደ ቦዩ ለቀቀው።

እዚህ ላይ ሽሙጤ ጠፋኝ። ያ ቦይ የት ይሄዳል? ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ አጥቦ ጣና ይጨምረዋል። ከዚያው ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሰን፣ ሎሚ ጨምቀን፣ ለእንግዳ እናቀርባለን። አንድ ባዶ ጄሪካን ስንት ብር ነው? ጮኽሁ። ልጁ ደነገጠ፤ ሰዎቹ ግን በእኔ አፈሩ። «ለዚህች ለማታህል ዘይት?» አሉኝ። በየጥላው፣ በየቀኑ፣ ለዚህች ለማታህል ዘይት! ያናድዳል፤ አሁን ስጽፈውም እጄ ይንቀጠቀጣል።

መኪናዬን አስገፍቼ ቤት አስገባኋት። በማግስቱ ሌላ ሱቅ ጂኤል-4 አገኘሁና ከመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪፈስ ድረስ ራሴ ሞላሁ። የተበላው ቀለበት አይመለስም፤ ጩኸቱ ግን ቀነሰ፤ ሁለተኛ ማርሽ እያመነታም ቢሆን ይገባል።

ትናንት በዚያ ጥላ አጠገብ ሳልፍ ባለ ጣቱ ለአንድ አሮጌ ላዳ ባለቤት ያስረዳሉ። እኔን ሲያዩ ሌባ ጣታቸውን ቀስረው «ይኸው ምስክሬ! ለዚህች ቮልስ ጂኤል-4 የመረጥሁላት እኔ ነኝ» አሉ። ባለ ላዳው በአክብሮት ዞሮ አየኝ። ከዚያም ጠርሙሱን ከፈተላቸው።