«አንተስ የታለህ?»
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ተማሪዎች በኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰታቸው «የጌይ ጓደኛዬ ደጋፊ ነኝ» ብለው ባይጽፉ ይሻላል ይላል። እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ሜሪላንድ ያለው ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት በዚሁ ርዕስ ጽፏል። ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት የኮመን አፕ ድርሰት ጣሪያው 650 ቃል ነው። የሱ ረቂቅ ግን ከዳር እስከ ዳር የጓደኛው ስቃይ ነበር። «አንተስ የታለህ?» አልኩት። ዝም አለ። በማግስቱ ሌላ ይዞ መጣ። አጎታችን እራት ላይ በጌዮች ሲቀልድ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ እንደቀረ፣ ትንፍሽ ሳይል እንዳመሸ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳፈረ ጻፈ። ድርሰቱ እዚህ ጋ ነፍስ ዘራ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጓደኛችሁ ለእናቱ እንኳን ያልነገረውን ሳታስፈቅዱት ለማታውቁት ሰው አትጻፉ። ወንድሜ ጓደኛውን አስፈቅዶ፣ የጓደኛውን ስም ሰርዞ ነው የላከው።